ለመኖር ይቅሩ

ፍኖተ ሰላም፣ የካቲት 3 ቀን 2005 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ፤

እንደምን ሰንብተሃል? ያ የሚያስልህ ደረትህ ተሻለው? የአዲስ አበባ ብርድስ እንዴት ይዞሃል? እኔ ከወገቤ በቀር ደህና ነኝ፤ አምላክ ይመስገን። ላሟ ወልዳለች። ዶሮዎቹን ፈንግል ፈጃቸው። አልጋ ቤቴም እንግዳ አላጣም። ይህን ሁሉ በስልክ ልነግርህ እችል ነበር፤ አንተ ግን ነገር ሲጠነክርብህ "እማዬ፣ ኔትወርክ የለም" ትላለህ። ወረቀት እንዲያ አይልም። ጽሕፈቴን አትታዘብ፤ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ በፋኖስ የለመድሁት ነው።

የምጽፍልህ ስለ እህትህ ነው። ያምሮት ከጥር ወሩ የእግር ኳስ ዋንጫ ቀን ወዲህ ቤቴ የለችም። ሳታስፈቅደኝ፣ ሳልመርቃት ነው የወጣች። የናት ምርቃት ሳይዝ መንገድ የወጣ ልጅ ምን እንደሚገጥመው ታውቃለህ፤ እኔም ከዚያን ቀን ወዲህ እህል አልወርድልሽ ብሎኛል። ነገሩን ከሥሩ ልንገርህ፤ ሥሩ የአንተ ወረቀት ነውና።

አዲስ አበባ ሆነህ የጻፍኸውን ያን ጥናትህን አቶ ወንዳወቅ በመስቀል ሰሞን እቤቴ ይዞት መጣ። ወንዳወቅን ታውቀዋለህ፤ አሁን የከተማ መስህብ ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆኗል፤ ከሆነም ወዲህ አንገቱ አይታጠፍም። "ልጅሽ ከተማችንን ሊያነሣት ነው" አለኝ። ርዕሱን ፊደል ቆጥሬ አነበብሁት፤ መካከለኛ ከተማ ጎብኚን፣ የስፖርት ደጋፊንና ወጣት ነዋሪን በምን ይስባል ይላል። ስቄ ልሞት! ወጣቱ ከተማው ውስጥ እንዲቀመጥ ምን ይደረግ ብሎ የሚያጠናው፣ ተመርቆ ሲወጣ ዞር ብሎ ያላየን ልጅ ነው። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሉሃል ይህ ነው። ለፋሲካ እንኳ የመጣህ መቼ ነው? ለወንዳወቅ ግን፣ ልጄ ነህና፣ እንዲህ አላልሁም።

ከሁሉ የከፋው መፈክርህ ነው። ከጅጋ በኩል መግቢያው ላይ የብረት ቅስት አቁመው፣ በትልልቅ ፊደል "ለመጎብኘት ይምጡ፣ ለመኖር ይቅሩ" ብለው ጻፉበት። አንተ "ይቅሩ" ስትል እዚሁ ይሰንብቱ ማለትህ ነው፤ ይገባኛል። የጎጃም ጆሮ ግን ቃል በአንድ በኩል ብቻ አይሰማም። የቅኔ ተማሪዎች ቅስቱ ሥር ቆመው ሆዳቸውን ይዘው ሲስቁ አገኘኋቸው። ምን አግኝታችሁ ነው ብዬ ብጠይቅ፣ አንዱ፣ "እማማ፣ ለማየት ከሆነ ኑ፣ ለመኖር ከሆነ ግን ይቅርባችሁ ነው የሚለው" አለኝ። አፈርሁ። አያትህ እኮ ቅኔ ማሕሌት ቆመው ቅኔ የተቀኙ ሰው ነበሩ! የልጅ ልጃቸው "ቀረ" የምትለዋ ቃል ሁለት ፊት እንዳላት አያውቅም። ወንዳወቅን ሰው እየሳቀ ነው፣ አስለውጠው ብዬ ብነግረው፣ ከአዲስ አበባ የመጣ ጥናት አይነካም አለኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

ከዚያ ጎብኚ ፍለጋ ተያዘ። አሁን የበርበሬ ወቅት ነው። ነጋዴው ከየአገሩ መጥቶ አልጋ ቤቱን ሞልቶታል፤ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ያድራል፣ ወዳጅ ያፈራል። ለኮሚቴው ግን እሱ ጎብኚ አይደለም። ጎብኚ ማለት ካሜራ ያንጠለጠለ ነው። ድንቄም ጎብኚ! ነጋዴውና የከተማው ወጣት አመሻሽ ላይ ተቀምጠው የሚጫወቱባቸውን የሻይ ዳሶች "ገጽታ ያበላሻሉ" ብለው አፈረሷቸው። ማንጎና ሸንኮራ የሚሸጡትን ሴቶች ከመንገድ ዳር አባረሯቸው። የቤት ቀጋ፣ የውጭ አልጋ አለ የአገሬ ሰው።

ወደ ግሽ ዓባይ የሚያልፉ ባልና ሚስት ፈረንጆች ደግሞ፣ እግር ጥሏቸው፣ ጎማቸው እዚያው ቅስቱ አጠገብ ፈነዳ። ወንዳወቅ አበባ ይዞ ሮጠ። ተማሪ አሰልፎ አስዘመረ። ንግግርም አደረገ። ሴትዮዋ ግን ፊቷ ተጨንቋል፤ እግሯን ታቀያይራለች። ያምሮት ተጠርታ ብታነጋግራት፣ ለካ ሽንት ቤት ነው የምትፈልገው። ኮሚቴው ቅስት እንጂ ሽንት ቤት መች አሰበ? እኔ ቤት አመጣቻት። ጎማው ሲቀየር አመስግነው ሄዱ። በሪፖርቱ ላይ የውጭ ጎብኚዎች ከተማችንን ጎበኙ ተብሎ ተጻፈ፤ እውነትም ነው፤ ሽንት ቤቴን ጎብኝታለች።

ያን ዕለት ያምሮት አልሳቀችም። እኔ እንባዬ እስኪመጣ ስስቅ እሷ አንሶላውን ታጥፍ ነበር። በቱሪዝም ተመርቃ መጥታ ሥራዋ አንሶላ ማጠፍ ሆኗል። ኮሚቴውን ሥራ ብትጠይቅ፣ ተደራጅተሽ ለኮብልስቶን ድንጋይ ጥረቢ አሏት። ጎብኚ የሚሄድበትን መንገድ መሥራትም ያው ቱሪዝም ነው አላት ወንዳወቅ፤ በራሱ ንግግርም ሳቀ። በኅዳር ወር ወደ አንተ ልሂድ ብላ ለመነችኝ። እምቢ አልሁ። አንድ ልጅ ለአዲስ አበባ ሰጥቻለሁ፣ ይበቃታል፣ ሁለተኛ አልሰጥም አልሁ። ሦስት ጊዜ ለመነችኝ፤ ሦስት ጊዜ እምቢ አልሁ። ከዚያ ወዲያ ጠይቃኝ አታውቅም፤ እኔም የተወችው መስሎኝ ነበር።

የጥር ወር ዋንጫው መጣ፤ ፍኖተ ሰላም ከቡሬ። የክብር እንግዶቹን ዳስ ፊቱን ወደ ምዕራብ አድርገው ሠሩት። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ዓይናቸው ውስጥ ገባ፤ ባለሥልጣኑ ሁሉ በፕሮግራም ወረቀት ፊቱን ጋርዶ ዋለ፤ የትኛው ቡድን እንዳገባ በጩኸት ነው የሚያውቁት። የቡሬ ደጋፊ በአውቶቡስ ተጭኖ መጣ፤ ቆሎ የሚሸጥ የለ፣ ውኃ የሚሸጥ የለ፣ ሁሉ ተባሯል። "ፍኖተ ሰላም መጣን፣ ውኃ እንኳን አጣን" እያሉ ጨፈሩብን። ምን ይባላል? እውነታቸውን ነው። ዋንጫው ላይ ደግሞ ጨዋታው ሳይጀመር የእኛን ቡድን ስም አስቀርጸው ኖሯል። ሦስት ለባዶ ተሸነፍንና የቡሬ ልጆች የእኛ ስም ያለበትን ዋንጫ እየሳሙ ወሰዱት። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል።

ከጨዋታው በፊት የወጣቶች ቃል ኪዳን የሚባል ነገር ነበር፤ እሱንም ያምሮት እንድታነበው መርጠዋታል። ነጭ ቀሚሷን ለብሳ ወጣች። "እኛ ወጣቶች ከተማችንን ትተን የትም አንሄድም" ብላ ስታነብ ሜዳው በእልልታ ተናወጠ። ድምጿ እንዴት ያምራል መሰለህ! እኔ በሰው ፊት አለቀስሁ። አንድ ጊዜ ቀና ብላ ወደ እኔ አየች፤ ኩራት መስሎኝ እጄን አውለበለብሁላት። ወንዳወቅ ጉንጯን ስሞ፣ ወጣት ማለት እንዲህ ነው አለ።

ያን ማታ አልመጣችም። ጓደኞቿ ዘንድ ናት ብዬ ተኛሁ። በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ አክስትህ አልጣሽ ከቡሬ ደወለች። "ልጅሽ እኔ ዘንድ አድራ ዛሬ ማለዳ በአዲስ አበባው አውቶቡስ ሄደች፤ አንቺ የላክሻት መስሎኝ ስንቅ ቋጠርሁላት" አለችኝ። ከእኛ መናኸሪያ ብትሳፈር ሰው ሁሉ ያውቃታል፤ ይነግረኛል። ስለዚህ፣ አልጣሽ እንደነገረችኝ፣ የቡሬዎችን ማልያ ደርባ፣ በቡሬ ደጋፊ መሐል ተሸጉጣ ወጣች። ሦስት ያገባብንን ቡድን ማልያ! ደጋፊ እንሳብ ብለው ደግሰው ልጄን በደጋፊ አውቶቡስ ሸኟት።

ልጄ፣ ያ የአዲስ አበባው አውቶቡስ እኮ ከቡሬ ሲመጣ በእኔ ደጅ ነው ያለፈው። ጧት ደጄን ስጠርግ አየሁት። ሹፌሩ ይታገሱ ደንበኛዬ ነው፤ ሁልጊዜ ሲያልፍ ጥሩምባ ይነፋልኛል፤ እኔም ሁልጊዜ እጄን አነሣለታለሁ። ያን ዕለትም ነፋ፤ አነሣሁ። ከመጥረጊያው ጋር ነው ያነሣሁት። ያምሮት በመስኮት አይታኝ እንደሆነ፣ መሰናበቴ ይምሰላት ማባረሬ፣ አላውቅም። ይህ ነገር ሌሊት ሌሊት ያነቃኛል።

ወንዳወቅ ትናንት መጥቶ ነበር። ከክልል እንግዶች ሊመጡ ነው፣ ያምሮት ቃል ኪዳኑን ደግማ ታንብብልን አለኝ። ለጉዳይ ወጣ ብላለች አልሁት። ግድ የለም፣ ወጣቱ በከተማው መርጋቱን ሪፖርት አድርገናል አለኝና የሻዩን ሳይከፍል ወጣ።

ባለፈው ሳምንት ደውዬ፣ እህትህን አይተሃታል ወይ ብልህ፣ "እማዬ አታስቢ፣ እኛ ደህና ነን" አልህና ኔትወርኩ ጠፋ። ብቻውን የሚኖር ሰው "እኛ" ማለት ከየት ተማረ? ይሁን፣ የአዲስ አበባ ሰው አነጋገር ይሆናል። አልጠየቅሁህም፤ አሁንም አልጠይቅህም።

በይታገሱ እጅ ዕቃ ልኬልሃለሁ። በሶ አለ፣ ቅቤ አለ፣ ሽሮ አለ። በሰማያዊ ጨርቅ የታሰረው ሽሮ በርበሬ አልበዛበትም፤ አንተ የሚያቃጥል ካልሆነ እንደማትበላ አልረሳሁም፤ ዝም ብለህ አስቀምጠው። ከሥር በላስቲክ የተጠቀለለ ዲግሪ አለ። ከኅዳር ጀምሮ ሣጥኔ ውስጥ ቆልፌበት ነበር። አንተ ቱሪዝም አልተማርህም፤ ምን ያደርግልሃል አልልም። እርጥበት እንዳይነካው ብቻ።

በል እንግዲህ። ምርቃት በሆድ አይነበብም፤ ከዚህ በታች ያለውን ድምፅህን ከፍ አድርገህ አንብበው።

መንገዳችሁን ያቅናላችሁ። የሰው ፊት ከማየት ይሰውራችሁ። የያዛችሁት ይባረክ፣ የተመኛችሁት ይሙላ። ክፉ ዓይን አይያችሁ፣ ክፉ ሰው አይግጠማችሁ። አንዳችሁ ለአንዳችሁ ጋሻ ሁኑ። ካስከፋኋችሁ የከፋው ይለፍ፣ ካስከፋችሁኝም አልፏል። አሜን በሉ።

እናታችሁ