የአንቀጽ አሥራ አራት ጠባቂ አቶ ጸጋአብ ዋለልኝ (1957–2017 ዓ.ም.)

አቶ ጸጋአብ ዋለልኝ ከአባታቸው ከአቶ ዋለልኝ ደስታና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለተሥላሴ ክፍሌ በ1957 ዓ.ም. በደብረ ብርሃን ከተማ ተወለዱ። እዚያው እስከ አሥራ አንደኛ ክፍል ተማሩ። አሥራ ሁለተኛን አልጨረሱም። በ1976 ዓ.ም. የቀበሌ ታጣቂዎች እሳቸውንና ታናሽ ወንድማቸውን ተክለ ማርያምን ከእግር ኳስ ሜዳ አፍሰው ወደ ጦር ግንባር ላኳቸው። የሚዘምተውን የጠየቀ ማንም አልነበረም። ተክለ ማርያም አልተመለሰም።

አቶ ጸጋአብ በሱዳን አድርገው በ1981 ዓ.ም. ካናዳ ገቡ። ሬክስዴል በሚባል ሰፈር በሚገኝ የፕላስቲክ ፋብሪካ ሃያ ስድስት ዓመት ሠሩ። በ1986 ዓ.ም. ወይዘሮ ውብአለም ታፈሰን አግብተው ጽዮንንና ባስልኤልን ወለዱ።

በ1988 ዓ.ም. ቶርንክሊፍ ፓርክ በሚባል ሰፈር በነበረው አፓርታማቸው ከአሥራ አንድ ወገኖች ጋር የመረዳጃ ማኅበራችንን መሠረቱ። ደንቡን ሲያረቁ ከላይብረሪ የየአገሩን ሕገ መንግሥት እየተዋሱ አነበቡ፤ የጥንት አርቃቂዎች ጦርነት የማወጅን ሥልጣን ከአንድ ሰው እጅ ለማውጣት ምን ያህል እንደተጨነቁ አዩ። አንቀጽ አሥራ አራት ከዚያ ተወለደ፦ ሊቀ መንበሩ ከአባላቱ ሁለት ሦስተኛው በምሥጢር ድምፅ ካልፈቀዱለት በማኅበሩ ስም ለየትኛውም ጦርነት ድጋፍ አይሰጥም። ከመሥራቾቹ አንዱ አቶ አብዱልቃድር «ቤት ሲቃጠል ስብሰባ ይጠራል እንዴ?» ቢሏቸው፣ «እሳቱን የሚለኩሰው ሊቀ መንበሩ ከሆነስ?» አሏቸው። አቶ አብዱልቃድር ሳቁና መጀመሪያ ፈረሙ።

በ2013 ዓ.ም. አገር ቤት ጦርነት ሲነሣ፣ ከቴሌቪዥን ውጭ ተኩስ ሰምተው የማያውቁት ያሁኑ ሊቀ መንበር ማንንም ሳይጠይቁ በአራት መቶ ቤተሰብ ስም «ከጎናችሁ ነን፣ ግፉበት» የሚል መግለጫ አወጡ። ስማቸውን እዚህ ማተም ወረቀት ማባከን ነው። አቶ ጸጋአብ በስብሰባ ላይ ደንቡን ይዘው ሲነሡ፣ ሊቀ መንበሩ «ጋሼ፣ እናንተ ከአገር የወጣችሁት ድሮ ነው፤ ይህን ዘመን አታውቁትም» ብለው ማይክሮፎኑን አዘጉባቸው። አዳራሹ አጨበጨበ። ያጨበጨቡት ልጆቻቸውን ሁለት ጥንድ ጓንት ሳያስይዙ ለሆኪ ልምምድ እንኳ የማይልኩ አባቶች ነበሩ።

አቶ ጸጋአብ በታመመ ልባቸው ፎቅ ለፎቅ፣ በር ለበር እየዞሩ ለጠቅላላ ጉባኤ ፊርማ አሰባሰቡ። በወጡ ቁጥር ወይዘሮ ውብአለም፣ ዛሬስ ሊፍት ውስጥ ወድቀው ተገኙ እባላለሁ እያሉ ስልኩን ከእጃቸው አይለዩም ነበር። ጉባኤው ተጠራ፤ መግለጫውም በምሥጢር ድምፅ ተሻረ። አዳራሽ ውስጥ ያጨበጨበ እጅ፣ ለብቻው እስክሪብቶ ሲይዝ ሌላ ጻፈ።

አቶ ጸጋአብ የልብ ሕመማቸው ጠንቶባቸው በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በስድሳ ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውና ሁለቱ ልጆቻቸው ቀርተዋል።

ሊቀ መንበሩ ዛሬ በዚህ ሽኝት ላይ በማኅበሩ ስም እንዲናገሩ ጠይቀው ነበር። ቤተሰቡ እንደ ደንቡ በምሥጢር ድምፅ ሰጠ። ሦስት ወረቀት፣ ሦስት «አይሆንም»። ያም ሆኖ ሳይፈቀድላቸው እንዳይነሡ ስለሚያሰጋ፣ ይህ ንባብ እንዳበቃ ማይክሮፎኑ ይዘጋል።

እግዚአብሔር የአቶ ጸጋአብን ነፍስ፣ ማንም ሳይጠይቀው ከተወሰደው ወንድማቸው አጠገብ ያሳርፍልን።