«ኖር» ሳልል የቆየሁበት መጠጥ ቤት

ለእትዬ ውብዳር፤

ሰላምታዬ ከደጃፍሽ ጀምሮ እስከ ጓዳሽ ይድረስልኝ። እንዴት ነሽልኝ? ወገብሽ ተሻለሽ ወይስ አሁንም ጎንበስ ብለሽ ስትነሺ ይዞ ያስቀርሻል? የእማማስ ዓይን እንዴት ነው? ሐኪሙ ያዘዘላትን ጠብታ ለራሷ ታደርጋለች ወይስ እንደ ልማዷ ለጎረቤት ታካፍላለች? ጋሼ ብርሃነ መስቀል እግራቸውን ያብጣቸው የነበረው ተዋቸው? ልጆችሽ መሠረትና ፍስሐስ ትምህርቱ እንዴት ይዟቸዋል? እኔ በአካሌ ደህና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ራስ ምታት እንኳን አላውቅም። በልቤም ደህና ነኝ ብዬ ብጽፍልሽ ግን ውሸት ይሆናል፤ አንቺ ደግሞ ውሸቴን ከእጅ ጽሑፌ ታውቂዋለሽ።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ከሁለት ሳምንት በፊት ነው። መልሱን ያዘገየሁት በመጨረሻዋ መስመር የተነሳ ነው። ወይዘሮ ሀረገወይን፣ ልጄ ጥሩነህ አሜሪካን አገር የመጠጥ ቤት ጌታ ሊሆን ነው ብለው ለሰፈሩ ሁሉ እንዳወሩ ከጻፍሽልኝ በኋላ፣ «አንተስ?» ብለሽ ዘጋሽው። ያቺን «አንተስ» ኪሴ ውስጥ ይዣት ስዞር ሰነበትኩ። ቅናቴን ከልጅነቴ ጀምሮ ታውቂዋለሽ፤ የጎረቤት ልጅ ፀጉር ስታበጥሪ ካየሁሽ እንኳ ምሳ አልበላም ብዬ የማኮርፍ ልጅ ነበርኩ። አድጌ የተውኩት መስሎኝ ነበር። አልተውኩትም። እንግዲህ ከሌላ ሰው ከምትሰሚው እኔው ልንገርሽ።

መጠጥ ቤቱ የአይሪሾች ነው። አይሪሽ ማለት ከእንግሊዝ አጠገብ ካለች ደሴት የመጡ ሰዎች ናቸው፤ እንግሊዝ ብለሽ ከጠራሻቸው ግን ይቀየሙሻል። ከዳውንታውን፣ ማለት ከኦክላንድ መሀል ከተማ፣ ወደ ወደቡ ስትወርጂ ጥግ ላይ ያለ ጠባብ ቤት ነው። ባለቤቱ ሚስተር ቲርኒ የሚባሉ፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ትከሻቸው ሰፊ፣ ብዙ የማይናገሩ ሽማግሌ ናቸው። ጠጪዎቹ መርከብ አራጋፊዎች፣ በያጆችና የቆርቆሮ ምግብ ፋብሪካ ሠራተኞች ነበሩ። በሥራ ልብሳቸው ይመጣሉ። እያንዳንዱ የራሱ ቦታ አለው፤ ሌላ ሰው ከያዘበት ምንም ሳይናገር ከኋላው ቆሞ ይጠብቃል፣ ሰውየው እስኪጨንቀው ድረስ። የሚገባበዙት በተራ ነው። ተራሽ ሳይደርስ መክፈል ነውር ነው፤ ተራሽን ሳትወጪ መሄድም ነውር ነው። እኔ በመጀመሪያው ሳምንት እንደኛ አገር፣ ካልከፈልኩ ሞቼ እገኛለሁ ብዬ ከአንዱ በያጅ ጋር ስታገል ቤቱ ሁሉ ዞሮ አየኝ። ከመሀላቸው አንዱ ሲሞት ደግሞ ቢራውን ቀድተው ቦታው ላይ ያስቀምጡለታል፤ ቤቱ እስኪዘጋ ድረስ የሚነካው የለም።

እዚያ ሥራ የጀመርኩት በ1975 ጥቅምት ላይ ነው። ሚስተር ቲርኒ ኖራ የምትባል ሚስት ነበረቻቸው፤ እኔ ከመምጣቴ ጥቂት ወራት ቀደም ብላ ሞታለች። ብርጭቆውን የምታጥበው፣ ጠረጴዛውን የምትወለውለው እሷ ነበረች፤ እኔ የተቀጠርኩት በእሷ ቦታ ነው። ይህን ልብ በይልኝ።

የሚጠጡት ጥቁር ቢራ ነው፤ አረፋው ወፍራም ነው። በአንድ ጊዜ ተቀድቶ አይሰጥም። ሦስት አራተኛውን ቀድተሽ ታስቀምጪዋለሽ፣ እስኪሰክን ትጠብቂያለሽ፣ ከዚያ ትሞዪዋለሽ። ዓመት ሳይሞላኝ ከሽማግሌው ቀጥሎ እንደኔ የሚቀዳው አልነበረም። ስሜን ግን አልቻሉትም፤ አምሐ ማለት ሲያቅታቸው ማክ አሉኝ። ማክ የራሳቸው የአይሪሾቹ ስም ነውና እንደ ሹመት ቆጠርኩት። አንድ ቀን ብርጭቆ ሳደርቅ ሽማግሌው፣ ማክ፣ እኔ ስደክም ይህን ቤት የሚይዘው መቅዳት የሚያውቅ ሰው ነው አሉኝ። ሌላ ምንም አላሉም። እኔ ግን ያንን ይዤ ኖርኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስወለውል የራሴን ጠረጴዛ ነበር የምወለውለው።

የአገራችን ረሀብ በቴሌቪዥን የታየ ጊዜ ጠጪዎቹ እኔ ስገባ ዝም ይሉ ጀመር። የነሱም አያቶች ከረሀብ ሸሽተው የመጡ ስለሆኑ ነገሩ ያማቸዋል። በየቀኑ አንዱ ተነስቶ ሳንድዊች ያስቀምጥልኛል። ሳንድዊቹ የአሳማ ሥጋ ነው፣ በዚያ ላይ ጾም ነው። እግዜር ይስጥልኝ ብዬ በወረቀት ጠቅልዬ ይዤው እወጣ ነበር። አዘኑልኝ እንጂ አልወደዱኝም፤ ልዩነቱን ያኔ አላወቅሁትም።

ጥሩነህ ከካርቱም የመጣው በ1977 መጋቢት ነው። ከአየር ማረፊያ የተቀበልኩት እኔ፣ ክፍሌን ያካፈልኩት እኔ፣ ካፖርቴን ያለበስኩት እኔ። በሁለተኛው ቀን የምሠራበትን ላሳየው ወሰድኩት፤ እውነቱን ለመናገር ልታይበት ነው የወሰድኩት። ጊዜው ከሰዓት በኋላ ነው። አጠገቡ አረፍ እንዳልኩ ሚስተር ቲርኒ የቢራ ሳጥን ታቅፈው በኋላ በር ገቡ። ጥሩነህ ሽማግሌ አየ፤ ከመቀመጫው ከፍ ብሎ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ «ኖር» አላቸው። እኔ በኀፍረት ሞትኩ። ተቀመጥ፣ እዚህ አገር እንዲህ አይደረግም ብዬ እግሩን ረገጥኩት።

ሽማግሌው ሳጥኑን እንደታቀፉ ቆመው ቀሩ። ምን አለ? ብለው ጠየቁኝ። እኔም ፈረንጅ እንዳይስቅብን ብዬ፣ ምንም አይደለም፣ እንዲሁ ሰላምታ ነው አልኩ። እሳቸው ግን ሳጥኑን አስቀመጡና፣ ኖራ አለ እኮ፣ ይህ በር የኖራ በር ነው አሉ። በዚያ በር ይገቡ የነበሩት እሷና እሳቸው ብቻ ናቸው ለካ። እንግዳው ለሚስታቸው ስሟን እየጠራ የተነሳላት መሰላቸው። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ስሙን ሲጠይቁት ደግሞ ጥሩነህ አለ፤ ቲርኒ ያለ መሰላቸው። እትዬ፣ ይህን ምን ትዪዋለሽ? ሁለት ዓመት ተኩል ብርጭቆ ባጠብኩበት ቤት፣ እሱ በሁለተኛው ቀኑ ሚስታቸውንም ስማቸውንም ወሰደብኝ።

በማግስቱ ሥራ ሰጡት። ሽማግሌው በኋላ በር በገቡ ቁጥር ጥሩነህ «ኖር» ይላል። ወር ሳይሞላ በያጁም፣ መርከብ አራጋፊውም፣ በሥራ ልብሱ ከመቀመጫው ከፍ እያለ «ኖር» ይል ጀመር። መልሱን «በእግዜር» ብሎ ለሽማግሌው ያስተማራቸውም እሱ ነው። ቤቱ በሙሉ ሲነሳ አንገቴን ደፍቼ ብርጭቆ የማጥበው እኔ ብቻ ነበርኩ። ቃሉ የኔም እኮ ነው። አባባ ከሥራ ሲገባ አንቺና እኔ ማን ቀድሞ ተነሳ እየተባባልን ስንጋፋ ትዝ ይልሻል? አሁን ብለው ግን ጥሩነህን መኮረጅ ይሆንብኛል። ጥሩነህ ቢራ ሲቀዳ አረፋው ገንፍሎ ጠረጴዛው ላይ ይፈሳል፤ እነሱም ትከሻውን መታ መታ አድርገው ይስቁለታል። የፈሰሰውን የምጠርገው እኔ ነኝ።

ለካ በዚህ መሀል ቤቱ እየሞተ ነበር። እኔ ጥሩነህን በዓይኔ ስከታተል ይህን አላየሁም። ወደቡ ላይ ትልልቅ ክሬኖች ከቆሙ ወዲህ የሃምሳ ሰው ሥራ አንድ ሰው ይሠራዋል። ፋብሪካው ተዘጋ። የጠጪዎቹ ልጆች ወደ ሳን ሆዜና ማውንቴን ቪው ወርደው ኮምፒውተር ፋብሪካ ገቡ፤ የአባታቸው መጠጥ ቤት ሽታው አይስማማቸውም። ከዳውንታውን ቢሮዎች ክራባት ያሰሩ ወጣቶች አንዳንዴ ብቅ ይሉና ነጭ ወይን አለ? ብለው ጠይቀው፣ የለም ሲባሉ ይወጣሉ። ለሞተ ሰው ቢራ የምናስቀምጥበት ቀን እየበዛ ሄደ። አንድ ሳምንት ሁለት ሰዎች ተከታትለው ሞቱና ሁለት ብርጭቆ ጎን ለጎን ተቀመጠ፤ በሕይወት ያለው ጠጪ ያን ቀን አራት ብቻ ነበር። «ኖር» የሚለውም ድምፅ ቀጠነ።

በዚህ ክረምት ሽማግሌው ጉልበታቸው ከዳቸውና ሪታየር ሊያደርጉ፣ ማለት ጡረታ ሊወጡ ነው፣ ሳን ሆዜ ልጃቸው ቤት ሊገቡ ነው ተባለ። ጥሩነህን ለብቻው እየጠሩ ወረቀት ሲያሳዩት አየሁ። ቤቱን ሊያስረክቡት ነው አልኩ። እሱም ሳይመስለው አልቀረም፤ ለእናቱ የጻፈው ያኔ ነው። እኔ እህል አልወርድልህ አለኝ። በአንድ ክፍል እያደርን ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ነበር የምተኛው።

ከዚያ ያደረግኩትን ልንገርሽ። ጥሩነህ ያልገባበትን ቀን ጠብቄ ሽማግሌው ፊት ቆምኩ። ሚስተር ቲርኒ፣ ያ ቃል ኖራ ማለት አይደለም፤ ጥሩነህ ስለ ሚስትዎ የሚያውቀው ነገር አልነበረም፤ እኛ አገር ለማንም ሽማግሌ የሚባል ነው፣ ለዘበኛም ይባላል አልኳቸው። «ለዘበኛም» የምትለዋን የጨመርኳት እንድታማቸው ነው። እሳቸው ቢራ እየቀዱ ነበር። ብርጭቆውን አስቀምጠው እስኪሰክን ጠበቁ። ከዚያ፣ አውቃለሁ አሉኝ። ጥሩነህ በሦስተኛው ሳምንት መዝገበ ቃላት ይዞ መጥቶ፣ ተሳስተዋል፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ ብሎ ነግሯቸው ኖሯል። እሳቸውም፣ ግዴለም፣ ስትለው ደስ ይለኛል፣ አትተወው ብለውታል። ቢራውን ሞሉና ወደኔ ገፋ አደረጉት። ማክ፣ አንተ ግን ቃሉን ይህን ሁሉ ጊዜ እያወቅህ፣ አንድ ቀን እንኳን ለኔ ለምን አላልከውም? አሉኝ። ቢራውን አልጠጣሁትም።

በመስከረም መጨረሻ ተዘጋ። ሕንፃው ተሽጦ ኖሯል፤ ለጥሩነህም ለኔም የሚተርፍ ነገር አልነበረም። ያ የማየው ወረቀት የሳን ሆዜ አድራሻና የአውቶብሱ መንገድ ነበር፤ እሑድ እሑድ እንዲጠይቃቸው ነው። ይህን ለወይዘሮ ሀረገወይን አንቺ አትንገሪያቸው፣ እሱ ራሱ ይጻፍላቸው። በሩ ላይ ጣውላ ሲመቱበት ደስ አለኝ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ እኔ ካላገኘሁት እሱም አላገኘው አልኩ። በማግስቱ በዚያ ሳልፍ አንዱ ሽማግሌ በያጅ የት እንደሚሄድ ጠፍቶት በተዘጋው በር ፊት ቆሞ አገኘሁት፤ ደስታዬ እዚያው ላይ አለቀ። የአድራሻውን ነገር ስሰማ ደግሞ፣ ብታምኚም ባታምኚም፣ ከመጠጥ ቤቱ ይልቅ አድራሻው አስቀናኝ። ለኔ የጻፈልኝ የለም።

አሁን በርክሌ ሆስፒታል ወጥ ቤት ገብቻለሁ፤ ጥሩነህ ታክሲ ይነዳል። ባለፈው እሑድ አንተ ካልመጣህ እኔም አልሄድም ብሎ ጎትቶ ወደ ሳን ሆዜ ወሰደኝ። ለሽማግሌው የነገርኳቸውን አውቶብስ ውስጥ አወጣሁለት። እሱም፣ ለዘበኛም ይባላል አልካቸው? ብሎ ሳቀ። ደግነቱም ያስቀናኛል እኮ።

ልጃቸው ሳሎን አስቀመጠችን። ሽማግሌው በከዘራ ተደግፈው ከውስጥ ሲመጡ ኮቴያቸውን ሰማሁ። ጥሩነህ ሊነሳ ሲል በክርኔ ገፍቼው ቀድሜው ብድግ አልኩ። «ኖር» አልኩ። ለአራት ዓመት የያዝኩት ነውና ድምፄ ጮኾ ወጣ፣ ልጃቸው ደነገጠች። ሽማግሌው በሩ ላይ ቆመው አዩኝ፣ አዩኝና፣ «በእግዜር» አሉ። ከዚያ ቀስ ብለው ተቀመጡና አጠገባቸው ያለውን ወንበር ለጥሩነህ አመለከቱት። እኔን ከፊት ለፊት አስቀመጡኝ። ስንመለስ በአውቶብስ ሙሉ መንገዱን ያሰብኩት ስለዚያ ወንበር ነው።

እትዬ፣ «አንተስ» ላልሽኝ መልሴ ይኸው ነው። ቤት የለኝም፣ ከፊት ለፊት ግን ተቀምጫለሁ። በሚቀጥለው እሑድ በጠዋቱ አውቶብስ ብቻዬን ልሄድ አስቤአለሁ፤ ለጥሩነህ አልነገርኩትም።

ጋሼ ብርሃነ መስቀልን እጅ ነሥቷል በያቸው። መሠረት ፎቶግራፏን ትላክልኝ፣ ቁመቷን ልይ። ፍስሐን ጉንጩን ሳሚልኝ፣ አኮረፈ ብለሽም አትቆጪው፣ በኔ ወጥቶ ይሆናል። ለወይዘሮ ሀረገወይን ልጅዎ ደህና ነው፣ ካፖርቴን ግን እስካሁን አልመለሰም በያቸው። እማማ ደግሞ ይህ ደብዳቤ በደረሰሽ ማግስት ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ፣ በር ላይ ድምጿን ስትሰሚ፣ ሥራሽን አስቀምጪና ተነሺ። በኔ ስም «ኖር» በያት። ጥሩነህ በእናቱ በኩል ልኮ ሳይቀድመኝ ቶሎ አድርጊልኝ።

ወንድምሽ አምሐ

ኦክላንድ፣ ካሊፎርኒያ
ኅዳር 12 ቀን 1979 ዓ.ም.