በአባሪ ሁለት ላይ ስለተገኘው ስማችን

ለተከበሩ የምክር ቤቱ የትምህርት ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለቤተሰብዎ ሙሉ ጤንነትን፣ በተለይም ለዓይንዎና ለጆሮዎ ደኅንነትን በታላቅ አክብሮት እመኛለሁ። ዓይንዎን ያነሣሁት የላክንልዎትን ሰባት ደብዳቤ ገና ስላላነበቡ ነው። ወደ ጆሮዎ በኋላ እመለሳለሁ።

እኔ የመንግሥት ትምህርት ቤት ወላጆች ማኅበር ወደ ምክር ቤቱ የሚልከኝ ሰው ነኝ። ሥራዬ የትምህርት ረቂቅ ሕጎች የት እንደደረሱ ተከታትዬ ለወላጆች ሰው በሚገባው ቋንቋ መንገር ነው። የበር ጥበቃዎቻችሁ ስሜን ትተው «ረቂቅ መጣች» ይሉኛል። ሕግ ተምሬያለሁ። ልጅ የለኝም፤ መስማት የማትችል፣ አራተኛ ክፍል የምትማር ታናሽ እህት ግን አለችኝ። የእርስዎ ረቂቅ አንቀጽ አሥራ አራት ደግሞ ከሃያ ተማሪ በታች ያለው የልዩ ድጋፍ ክፍል ይታጠፋል ይላል። የእህቴ ክፍል አሥራ አንድ ልጆች አሉት። ክፍሉ ሲታጠፍ በእጅ ምልክት የምታስተምራቸው መምህርት ትሰናበታለች፤ እነሱም ስልሳ ልጅ ባለበት ክፍል ገብተው ፊቱን ወደ ሰሌዳ አዙሮ የሚናገር መምህር ጀርባ ሲያዩ ይውላሉ።

ቅሬታዎቼን በቁጥር አቀርባለሁ፤ ቁጥር እንደሚወዱ አይቻለሁና።

፩. ረቂቁን ለሕዝብ ይፋ ስላደረጋችሁ እናመሰግናለን። መተላለፊያው ጥግ ባለው ባለመስተዋት ሰሌዳ ውስጥ አሥራ ዘጠኙም ገጽ ተደራርቦ በአንድ ስፒል ተሰክቷል። ርእሱ በግልጽ ይነበባል። አንቀጽ አሥራ አራት ሰባተኛው ገጽ ላይ ነው። መስተዋቱ ይቆለፋል፤ ቁልፉም ለሥልጠና በሄዱ አንድ ኃላፊ ኪስ ውስጥ ነበር። ኃላፊው እስኪመለሱ አሥራ አንድ ቀን ተመላለስኩ። ሥልጠናው ስለ ምን እንደሆነ ጠይቄ ተነግሮኛል፤ እዚህ ብጽፈው ግን ቀልድ የፈጠርኩ ይመስልብኛል።

፪. የምክክር ስብሰባው ሰዓት ሦስት ጊዜ ስለተቀየረበት ሁኔታ ብዙ ማለት አልፈልግም። ደክሞኛል።

፫. ስብሰባው በመጨረሻ ተደረገ፤ አርባ ሦስት ወላጆችም መጡ። በሩ ላይ «ስም፣ ስልክ፣ ፊርማ» የሚል ሠንጠረዥ ያለው ወረቀት ቀረበልን፤ ከሠንጠረዡ በላይ ያለው የርእስ ቦታ ባዶ ነበር። የመጀመሪያዋ ፈራሚ እኔ ነኝ። ከዚያም በሩ ላይ ቆሜ ሌሎቹን «ፈርሙ እንጂ፣ መምጣታችን ይታወቅ» እያልኩ አጣደፍኩ። እናቴ ስሟን መጻፍ የተማረችው በጎልማሶች ትምህርት ነው፤ ፊርማዋን እንደዋዛ አትሰጥም። ብዕሩን ይዛ «ምኑን ነው የምፈርመው?» አለችኝ። «መምጣትሽን ነው፣ እማዬ» አልኳት። ፈረመች።

በሳምንቱ የኮሚቴው ሪፖርት ወጣ። ያ ወረቀት «አባሪ ሁለት፦ ረቂቁን የደገፉ ወላጆች» የሚል ርእስ ተጽፎበት ተያይዟል። ረቂቁም በወላጆች ሙሉ ድጋፍ የመጀመሪያውን ንባብ አለፈ። ስማችን ይውጣ ብዬ ጸሐፊዎ ዘንድ ብሄድ፣ አንዴ የተያያዘ አባሪ አይነቀልም አሉኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ወረቀቱ የእናንተ ነው፤ ሕግ ተምራ ባዶ ርእስ ሥር የፈረመችውን ሞኝ ደግሞ እኔው አውቃታለሁ።

ልብስ ሰፊው ጎረቤታችን ልጁ ከእህቴ ጋር ነው የሚማረው። ዜናውን ስነግረው መቀሱን አስቀምጦ «አንቺ ልጅ፣ ልጄን በገዛ እጄ ነው ያስወጣሁት በይኛ!» አለኝ። እናቴ እስካሁን አንድ ቃል አልወቀሰችኝም። ብቻ የእህቴ የውጤት ካርድ ለወላጅ ፊርማ ሲመጣ አልነካም አለች፤ ካርዱ ሦስት ቀን ጠረጴዛ ላይ ሰነበተ።

፬. አሁን ወደ ጆሮዎ። በዚያው ስብሰባ ላይ መምህርቷ አብረውን ለመጡት አሥራ አንድ ልጆች በምልክት ስትተረጉም፣ ከኋላ ያሉትን ትከልያለሽ ተብላ እንድትቀመጥ ተደረገ። ልጆቹ ሁለት ሰዓት ሙሉ የሰው አፍ ሲንቀሳቀስ አዩ። ክቡርነትዎ በመዝጊያ ንግግርዎ «እንዴት ያሉ ጨዋ ልጆች ናቸው፣ ድምፃቸው እንኳ አልተሰማም» ብለው አመሰገኗቸው። ምስጋናውን ለእህቴ የመተርጎሙ ዕጣ የደረሰው ለእኔ ነበር። አልተረጎምኩትም። ይቅርታዎን እጠይቃለሁ።

የምንለምነው ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ ስማችን ከአባሪው ይውጣ፤ አንቀጽ አሥራ አራትም ከሐሙሱ የመጨረሻ ድምፅ በፊት ይሰረዝ። እምቢ ካሉም ሐሙስ መምጣታችን አይቀርም። በሩ ላይ ያው ወረቀት እንደሚቀርብልን እናውቃለን፤ እኛም እንፈርማለን። ነገር ግን እያንዳንዳችን ከስማችን በፊት «ይህን ረቂቅ አልደግፍም» ብለን በእጃችን እንጽፋለን። እናቴ ዐረፍተ ነገሩን እኔ በጣልኳቸው ወረቀቶች ጀርባ ላይ ስትለማመድ ሰንብታለች፤ «ረ» ትንሽ ታስቸግራታለች። ቀስ ብላ ስለምትጽፍ ሰልፉ ይረዝማል። እርስዎም በተለመደው ትዕግሥትዎ፣ ማለትም እኛን ባስተማሩን ትዕግሥት፣ እንዲጠብቋት በትሕትና አሳስባለሁ።

መልስ አለማግኘትን በሚገባ ከለመደ አክብሮት ጋር፣

አባሪ ሁለት፣ ተራ ቁጥር አንድ

ማስታወሻ፦ የእህቴ ክፍል ልጆች ለሚያውቁት ሰው ሁሉ በእጅ ምልክት ስም ያወጣሉ። ለእርስዎም አውጥተዋል። ሐሙስ ከፊተኛው ረድፍ አሥራ አንዱም በአንድነት ሲጠሩዎት ያያሉ። ትርጉሙን ማወቅ ከፈለጉ መምህርታቸውን ይጠይቁ፤ እስከ ሐሙስ ድረስ ሥራ ላይ ናት።