የሓድጉን አፍ የዘጋሁበት ማኅበር

ይድረስ ለታላቅ እህቴ ለናፍቆት፣ ጋምቤላ፤

እታለም፣ እንዴት ነሽ? ሙቀቱ እንዴት ይዞሻል? ወባው ተወሽ ወይስ አሁንም ይመላለስብሻል? ጋሽ ከፋለስ ደህና ነው? ትህትና ጥርስ አወጣች ወይ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን፣ በሕይወት አለን። እማዬ ብርዱ ጉልበቷን ቢያስቸግራትም ከይበልጣል ሞት ወዲህ ገና በዚህ ሳምንት እህል ቀምሳ ማደር ጀምራለች። እኔም ዐሥረኛ ክፍልን ይዣለሁ። ለወንድማችን ቀብር አልደረስኩም ብለሽ አትቆጪ፤ ከዚያ አገር እዚህ ለመድረስ ስንት ቀን እንደሚፈጅ ሁላችንም እናውቃለን።

በስልክ ያልነገርኩሽ ነገር አለ። ዓዲ ሓቂ ሰፈር ከሚሠራው ፎቅ ላይ ወደቀ ብቻ ነው ያልንሽ። የዚያን ቀን ሲነጋጋ ዘንቦ ነበር። አብሮት የሚሠራው ታመነ ለቅሶ ላይ ለብቻዬ ጠርቶ እንደነገረኝ፣ ይበልጣል የእንጨት መወጣጫው እስኪደርቅ እንጠብቅ ብሎ ነበር። ግንበኞቹን የሚያሠራው ጋሽ ሓድጉ ግን "አንተ የሸዋ ልጅ፣ ከፍታ ፈራህ እንዴ?" ብሎ አሳቀበት። ይበልጣልም አብሮ እየሳቀ ወጣ።

ሓድጉን ታውቂዋለሽ፤ የሚካኤል ጽዋ ማኅበራችን አባል ነው። በጥቅምት ሚካኤል ማኅበሩ የይበልጣልን ቦታ ለእኔ ሰጠኝ። በእነዚያ ሁሉ ሽማግሌዎች መካከል ተማሪ እኔ ብቻ ነኝ፤ መቀመጫዬ ደግሞ ከሓድጉ ጎን ሆነ። ጽዋው ከመዞሩ በፊት ቄስ ገብረሃንስ የተጣላ፣ ቂም የያዘ ካለ ብለው ይጠይቁ የለ? ያለበት ተናግሮ ይታረቃል፤ አለበለዚያ ከጽዋው አይቀምስም። እኔ ዝም ብዬ ጠጣሁ።

በኅዳር ሚካኤል ቄሱ ሲጠይቁ ሓድጉ ተነሣ። ነጠላውን አደግድጎ፣ "አባቴ፣ እኔ አለብኝ። የዚህን ልጅ ወንድም..." ብሎ ሳይጨርስ እጁን ይዤ ወደ ታች ሳብኩት። "በእኔና በጋሽ ሓድጉ መካከል ምንም የለም፤ ወንድሜን የወሰደው ፈጣሪ ነው" ብዬ ለሁሉም ተናገርኩ። እሱም ዝቅ ባለ ድምፅ "ሓወይ፣ ወንድሜ፣ ተወኝ ልናገር" አለኝ። አልተውኩትም። የማኅበሩ ሰብሳቢ፣ ሙሴው አቶ ኣታኽልቲ፣ ግንባሬን ሳሙኝ፤ ሴቶቹ አለቀሱ።

ከዚያ ወዲህ ስሜ ልበ ሰፊው ልጅ ሆኗል። ቄስ ገብረሃንስ እሁድ ሲያስተምሩ ስሜን ሳይጠሩ ምሳሌ አደረጉኝ፤ ሕዝቡ ዞሮ አየኝ። ሮማናት አደባባይ ታክሲ ስጠብቅ የማላውቃቸው እናት "የእገሊት ልጅ አይደለህም?" ብለው መረቁኝ። ጎረቤት "እንዲህ ያለ ልጅ አሳደግሽ" ሲላት እማዬ ፊቷ ይፈካል። እኔ ምድር ብትከፈትልኝ እገባ ነበር።

ይቅር ብዬው አልነበረምና፣ እታለም። ሓድጉ ጥፋቱን ቢናገር ቀጥሎ አንተስ ተብዬ የምጠየቀው እኔ ነበርኩ። ያን ቀን ትምህርት የሚከፈትበት ቀን ነበር። በኮንጎ ጫማ አዲስ ክፍል መግባት አሳፈረኝና፣ ይበልጣል ሳይነቃ የሥራ ቆዳ ጫማውን አጥልቄ ወጣሁ። እሱ እርጥቡ እንጨት ላይ የወጣው በእኔ በሚያዳልጠው የላስቲክ ኮንጎ ነው። እማዬ እስካሁን "ያን ቀን ምን ነክቶት በኮንጎ ሄደ?" ትላለች። እኔ አቀርቅሬ እበላለሁ።

በየጧቱ ጸሎቴን አደርሳለሁ፤ ጾሙንም ይዣለሁ። ድሮ ለእግዚአብሔር መልስ መስጠት ይኼው ይመስለኝ ነበር። አሁን ግን በየቀኑ አንዲት ነገር ብቻ የሚጠይቀኝ ይመስለኛል፤ እኔ እሷን ዘልዬ ሌላውን ሁሉ በጥሩ ጽሕፈት እመልስለታለሁ። ሓድጉን መጥላት አይከብድም፤ የእሱ ጥፋት በተለቀ ቁጥር የእኔ ያንስልኛል። ይባስ ብዬ ለንስሐ የቆመን ሰው ጎትቼ አስቀመጥኩ። አሁን ጠቁሯል፤ ሥራውንም ተወ። ውሃ በጠፋ ቁጥር በጀሪካን ተሸክሞልን ይመጣል። እማዬ ስትመርቀው ቀና ብሎ አያያትም፤ እኔንም እንደዚያው። ሁለታችንንም ያሰርኩት እኔ ነኝ።

የታኅሣሥ ሚካኤል ተረኛ ይበልጣል ስለነበር ጽዋው የሚመጣው እኛ ቤት ነው። ጠላው ተጠንስሷል። ታመምኩ ብዬ እንዳልቀር የምተኛውም እዚያችው አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። ምን ላድርግ ብዬ እንዳልጠይቅሽ መልስሽ ሳይደርሰኝ ቀኑ ያልፋል።

እማዬ አጠገቤ ምስር እየለቀመች ሰላምታ ታስጽፈኛለች። ጋሽ ከፋለን፣ ልጄን አደራ በልልኝ ትላለች። ትህትናን ሁለቱንም ጉንጯን ሳሚልን። ክሊኒክ አብረውሽ የሚሠሩትን፣ ወባ ስትታመሚ ያስታመመችሽን ጎረቤትሽንም ሰላም በይልን። ሓድጉም ሰላም ብሎሻል ብለህ ጻፍ አለችኝ፤ ይኸው ጻፍኩ።

መቼም ለእማዬ ሳይነበብላት የሚታሸግ ደብዳቤ የለም። እስከ ዛሬ ስንቱን መስመር እየዘለልኩ አንብቤላታለሁ። ይኼኛውን ከመጀመሪያው እስከ ፊርማዬ አነብላታለሁ፤ ካቃተኝ እቀደዋለሁ እንጂ ፖስታ ቤት አልወስደውም። እንግዲህ ይህ ወረቀት እጅሽ ከገባ፣ እማዬ ሰምታዋለች ማለት ነው።

ታናሽ ወንድምሽ ሔሩይ
መቀሌ፣ ታኅሣሥ 4 ቀን 1998 ዓ.ም.