መብረቁ በሬዎቹን ከጣለ ወዲህ

ሰኔ 9፣ ማታ

ዛሬም ጋሼ ከቤት አልወጣም። ከት/ቤት ስመለስ ጠዋት ከተውኩት መደብ ላይ ነው። ግድግዳ ያያል።

ደብተሬ፣ ላንተ ካልነገርኩ ለማን ልንገር። ባለፈው ሳምንት ጋሼ፣ ታላቅ ወንድሜ ይበልጣል፣ ዝናብ ሽሽት በሬዎቹን ይዞ ከማሳው ዳር ያለችው ዋርካ ሥር ተጠለለ። መብረቅ ዋርካዋን መታት። ሁለቱም በሬዎች እዚያው ቀሩ። እሱ ተወርውሮ ቦይ ውስጥ ተገኘ። ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል አሳድረው መለሱልን። ግራ ጆሮው አይሰማም፤ ሌላው ደህና ነው ተባልን። ደህና!

እማ ጠበል ይግባ ትላለች። ይግባ፣ እኔም አልጠላም። የምፈራው የሰፈሩን ሹክሹክታ ነው። መብረቅ በከንቱ አይወርድም፣ አንድ የበደለው ነገር ቢኖር ነው ይላሉ። ለዚህስ ሁለቱም ጆሮው ባልሰማ።

እኔ ፊዚክስ አስተማሪዋ ደግሞ፣ ሰማዩ ባጉረመረመ ቁጥር ጠመኔው እጄ ላይ ይሰበራል።

ሰኔ 11

ተናገረ! እራት ላይ፣ ቀና ሳይል።

«እነሱን ጨርሶ እኔን ምን ብሎ አስቀረኝ?»

የማውቀውን ነገርኩት። ደመናው ውስጥ በረዶና ደቃቅ ውርጭ ይጋጫሉ። ቀላሉ ወደ ላይ ይወጣል፣ ከባዱ ታች ይቀራል። በዚያ ፍትጊያ የደመናው ሆድ አንድ ዓይነት የኤሌክትሪክ ቻርጅ ይሞላል፤ ከሥሩ ያለው መሬት ተቃራኒውን። ሲበዛ አየሩ መቻል ያቅተውና ይበሳል፤ ብልጭታው እሱ ነው። ነጎድጓዱ፣ በቅጽበት የጋለው አየር ሲፈነዳ። ዛፍ ረጅም ስለሆነ መንገዱን ያሳጥርለታል። ከዛፉ ወርዶ መሬት ለመሬት ይሰራጫል። የበሬ የፊትና የኋላ እግር የተራራቀ ነው፤ ባንዱ ገብቶ፣ በልብ አልፎ፣ በሌላው ይወጣል።

«አንተስ እግርህ እንዴት ነበር?»

«ቁጢጥ ብዬ ገመድ ስፈታ ነበር። እግሬን ገጥሜ።»

እንግዲህ ያ ነው አልኩት። ዕድልም አለበት። ፍርድ ግን አይደለም።

«እስቲ ድገሚልኝ» አለ። ደገምኩ። አለቀሰ። እማም።

ሰኔ 16፣ አመሻሽ

ከማንኩሳ ከተማ ወደ ቤት ስነሳ ሰማዩ ጠቁሯል። ልቆይ? ሄድኩ። ሞኝ!

ሜዳው መሃል ያዘኝ። የምገባበት ቤት የለም። ያለው የባሕር ዛፍ ረድፍ ነው፣ እሱን ሸሸሁት። ድንገት የክንዴ ፀጉር ቆመ። ከሻሼ ሥር ጉንዳን የወረረኝ መሰለኝ። ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ማወቄ ከሁሉም ከፋ። ቁጢጥ አልኩ፣ እግሬን ገጥሜ፣ ጆሮዬን ይዤ። ቀመር አንድም አልመጣልኝ። እመቤቴን ጠራሁ።

ቀና ስል ጋሼ! ከደጅ ያልወጣው ሰው በዝናቡ ውስጥ ወደ እኔ ይሮጣል።

«ተመለስ! ተመለስ በማርያም!»

አይሰማም። ከዚያ ሁሉም ነጭ ሆነ። ድምፁን የሰማው ጆሮዬ ሳይሆን ደረቴ ነው። ከረድፉ አንዱ ዛፍ ተሰንጥቆ ይጤሳል። ጋሼ ቆሞ አይታይም። ሞተ አልኩ። ደብተሬ፣ ሞተ ብዬ ነበር።

ቁጢጥ ብሏል። እግሩን ገጥሞ። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል።

ነጎድጓዱ ሲርቅ ሄጄ አቀፍኩት። ምን ልትሆን መጣህ ብዬ ጮህኩበት።

«አንቺንም እንዳይወስድብኝ» አለ።

ጭቃው ላይ ተቀምጠን ሳቅን። ከዚያ እስካሁን ጥርሴ መንቀጫቀጡን አላቆመም።

ሰኔ 20

ጎረቤታችን አያ ካሴ መጡ። ለነገ ጥማዳቸውን ሊያውሱት።

«ይበልጣል ልጄ፣ የእኔ በሬዎች ቆመው ከሚውሉ ውሰዳቸው። መሬት ጦም አይደር።»

ሲያሙት ከነበሩት አንዱ ናቸው። አውቃለሁ። ግን አጎንብሼ «እግዜር ይስጥልን» አልኳቸው።

ጋሼ እማን አላየም፣ እኔን አየ። ደመናው በየከሰዓቱ በጅጋ በኩል ይቆለላል። ዛሬም ተቆልሏል። እንቢ በል ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

ይልቅ ማል አልኩት። ገና ከሩቅ ሲያጉረመርም ፈትቶ ሊመጣ፣ ትልሙ ቢጋመስም፣ ሰው ቢስቅም። ዛፍ ሥር ላይቆም።

«በቀኙ ጆሮዬ እሰማለሁ» አለና ማለ።

ነገ በማለዳ ይወጣል። ፈርቻለሁ። እሱም ፈርቷል። ግን አልከለክለውም።