«ፔኒሲሊን አይስማማትም» ያለችውን እናታችንን ስላመናችኋት

ለተከበሩ የሆስፒታሉ ዋና ዳይሬክተር፣

ክቡርነትዎ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? በተለይ ጉልበትዎ እንዴት ነው? ደረጃ ሲወጡና ሲወርዱ እንደማያስቸግርዎ ተስፋ እያደረግሁ፣ ለእህቴ ስላደረጋችሁላት መስተንግዶ ምስጋናዬን በአደባባይ ለማቅረብ ይህን እጽፋለሁ።

እህቴ ፀጉር ሠሪ ናት። እናታችን ከሞተች በኋላ ቀኑን ሙሉ ቆማ እየሠራች ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ እኔ እትዬ እላታለሁ። ቆሞ መዋሉ ጉልበቷን ቢጨርሰው፣ በሰው ሠራሽ እንድትተኩላት ይዣት መጣሁ።

አንደኛ፣ ስለ ጨዋነታችሁ አመሰግናለሁ። ነርሷ «የማይስማማዎት መድኃኒት አለ?» ስትላት፣ እትዬ «ልጅ ሆኜ፣ እናቴ ፔኒሲሊን አይስማማትም ትል ነበር» አለች። ነርሷ ጻፈችው፣ ሐኪሙ አነበበው፤ ያኔ ምን ሆና እንደነበር ጠይቆ ሊያስቸግራት የወደደ ግን አንድም ሰው አልነበረም። ስለዚህ ኢንፌክሽን ለመከላከል ቀድሞ የሚመረጠው መድኃኒት የፔኒሲሊን ዘመድ ነው ተብሎ ቀረና፣ ደከም ያለ ሁለተኛ ምርጫ መድኃኒት ተሰጥቷት ቀዶ ሕክምና ገባች።

ሁለተኛ፣ ስለ ማጽናናታችሁ። ቁስሉ ማዠት ሲጀምር «ይደርቃል፣ አይጨነቁ» አላችሁን። አልደረቀም፤ መገለ። አዲሱ ጉልበት ተመልሶ ወጣ፤ ኢንፌክሽኑ አጥንቷን ስለጎዳው ሌላ መተካት አልተቻለም፤ እግሯ ዳግም እንዳይታጠፍ ሆኖ ቀረ።

ይህ ሁሉ ከሆነ በኋላ፣ አንዲት የኢንፌክሽን ሐኪም አልጋዋ አጠገብ ወንበር ስባ ተቀመጠችና «በልጅነትዎ ምን ሆነው ነበር?» አለቻት።

«አስመለሰኝ።»

«ሽፍታ? ትንፋሽ ማጠር?»

«ኧረ ምንም! ሽሮፑ መራራ ስለነበር ነው።»

ሐኪሟ ጥቂት ፔኒሲሊን ሰጥታ አጠገቧ ሆና ጠበቀች። እትዬን ያሳከካት ነገር እንኳ አልነበረም።

ሦስተኛውን በቁጥር ልጽፈው ሞክሬ አቃተኝ። አቤት ስንል በትሕትና የሰጣችሁን መልስ «መረጃውን የሰጡት ታካሚዋ ራሳቸው ናቸው» የሚል ነበር። እውነት ብላችኋል። እትዬ ይህን ከሰማች ወዲህ ስለ እግሯ ማውራት ትታለች። የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «እማዬ እኮ ለእኔ ሰግታ ነው። እንዳትፈርዱባት።» ማንም አልፈረደባትም ብላት አትሰማኝም። ፀጉር ቤቷን ዘግታ፣ የሞተች እናቷን ስትከላከል ትውላለች።

እኔ ስለምችል፣ ከመቀመጫዬ ብድግ ብዬ በታላቅ አክብሮት እጅ የምነሳ፣
ያሳደገችውን እህቱን ደግፎ መጸዳጃ ቤት የሚያደርስ ታናሽ ወንድም

ድኅረ ጽሑፍ፦ ከደንበኞቿ አንዷ የሆኑ ጡረተኛ መምህርት የዳሌ መገጣጠሚያ ለማስቀየር በቅርቡ ወደ እናንተ ይመጣሉ፤ እሳቸውም ፔኒሲሊን አይስማማኝም ይላሉ። ባለሙያዎቻችሁ ሥራ ስለሚበዛባቸው፣ «ያኔ ምን ሆነው ነበር?» የምትለዋን እኔው መጥቼ ብጠይቅላችሁ ደስ ይለኛል። ምርመራውን ግን ለእናንተ እተዋለሁ፤ እኔ ሐኪም አይደለሁም።