ጥሩምባ የማያስደነግጠው

ጥቅምት 14 ቀን 1964 ዓ.ም.፣ ሰኞ፣ ጧት 3 ሰ.

ዛሬም ለቀብር ነፋሁ። ከማዞሪያው እስከ ወንዙ። ሰፈሩ ነጠላውን አዘቅዝቆ ወጣ። አንተ ደብተር፣ ይኼን ያዝ፦ በኮልፌ እንደኔ የሚነፋ የዕድር ለፋፊ የለም። የዕድሩ ጸሐፊ የራሱን ይጽፋል። እኔ ፊደል ስላልቆጠርኩ የኔን ምራቴ ስንዱ ትጽፍልኛለች። የማታ ትምህርት ትማራለች። ልቧን ያሳበጠውም እሱ ነው። ጻፊው ብያለሁ! ጻፈችው።

ቤት ገብቼ ምራቁን ላወጣ አንዴ ነፋሁት። የልጅ ልጄ ይልማ፣ ዓመት ሊሞላው ነው፣ አጠገቤ ተኝቷል። ዶሮዎቹ ጣራ ላይ ወጡ። እሱ ዓይኑን አልገለጠም። ወንድ ማለት ይኼ ነው! ክብር ዘበኛ ይገባል አልኩ። ስንዱ ፊቷን አጠቆረች።

16፣ ረቡዕ፣ 9 ሰ.

ተናገረች። ልጁ አይሰማም አለች። የጎረቤቱ ልጅ ከሱ ያንሳል፣ ግን ሲጠሩት ይዞራል፣ “እማ” ይላል። የኛው ድሮ ያጉተመትም የነበረውን እንኳ ትቷል፤ ሆስፒታል ካልወሰድኩት አለች። በኔ ዘር ደንቆሮ የለም! ካለም በእናቷ ወገን ይፈለግ። ይኼንንም ጻፊ። ጻፈች።

አፉን የያዘው እንጥሉ ነው። ቅዳሜ ቆራጯ ትመጣለች። የልጁ አባት፣ ልጄ ተፈራ፣ የጭነት መኪናውን ይዞ አሰብ ነው። በዚህ ቤት ወሳኙ እኔ ነኝ።

18፣ ዓርብ፣ ጧት

ረታኋት! ይልማን ጭኔ ላይ አስቀምጬ፣ ጥሩምባውን በእጁ አስይዤ ነፋሁ። ተንከተከተ። ደንቆሮ በጥሩምባ ይስቃል?

ምን ብትለኝ ጥሩ ነው፦ “አባባ፣ እሱ እኮ በእጁ ነው የሰማው። እስቲ ሳያይዎት ከጀርባው ይንፉለት።”

ድፍረቷ! ቆራጯንም በሬን አታልፍም አለች። በሬን! ማን የሠራው በር? እሺ፣ ነገ እነፋለሁ። አሳፍራታለሁ።

19፣ ቅዳሜ፣ 6 ሰ.

ይልማ ምንጣፍ ላይ ነበር። በጣሳ ይጫወታል፣ ጀርባው ወደኔ። ራቅ ብዬ ቆምኩ። ለሞት እንደምነፋው፣ ከሆዴ ነፋሁ። ውሻው አላዘነ። ልጁ ጣሳው ውስጥ ጠጠር ከተተ። ደገምኩ። ሌላ ጠጠር ከተተ። ትንፋሼ እስኪያልቅ ነፋሁ። አልዞረም።

ቀና ስል ግቢው በሰው ተሞልቷል። ነጠላ አዘቅዝቀው። አንዷማ ደረቷን እየደቃች፣ ማነው የሞተው ትላለች። የዕድሩ ዳኛ ግራዝማች ከዘራውን እየነቀነቀ መጣ። “አንተ ሽማግሌ፣ ጃጀህ እንዴ? ሰው ሳይሞት ትነፋለህ? አምጣ ጥሩምባውን!” እንጥል ቆራጯም መሐላቸው ቆማለች፣ ምላጯን በጨርቅ ጠቅልላ።

እንደ ልማዴ ጮህኩ። የሰማህ ላልሰማ አሰማ! የሞተ የለም! የልጅ ልጄ አይሰማም! የሞተ የለም፣ ወደየቤትህ ግባ!

ጥሩምባውን ለግራዝማች ወረወርኩለት፤ ሳንባ ካለህ ንፋው አልኩት። ቆራጯን ምላጭሽን ይዘሽ ውጪልኝ አልኳት። በሩን ራሴ ዘጋሁት።

ሰኞ በመጀመሪያው አውቶቡስ ሆስፒታል እንሄዳለን። ልጁን የምይዘው እኔ ነኝ። ሐኪሙ ቢያመናጭቀኝ አመናጭቀዋለሁ።

ስንዱ ወረቀቱን በእንባ አበላሸችው። ስለ እናቷ ወገን ያልኩትን ሰርዢው አልኳት። አልሰርዝም፣ ይቀመጥ አለች። እልኸኛ! ከኔ ቤት ነው የለመደችው።

ይልማ አሁን ጭኔ ላይ ነው። መዳፉን ጉሮሮዬ ላይ ለጥፏል። ስናገር ይስቃል፣ ዝም ስል በጥፊ ይለኛል። በቃ፣ ብዕሩን አስቀምጪው። ላናግረው።